እናቷም ትግባ

(በዓለም አቀፍ የአዋላጆች ቀን ለሚድዋይፈሪ ተማሪዎችና መምህራን ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን ለአዋላጆች ቀን አደረሳችሁ።

ሚያዝያ 27 በአገራችን የአርበኞች የድል በዓል ነው። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ አባቶች ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ወደ አራት ኪሎ ሲሄዱ አየሁ። የአዋላጆች ቀን በዚሁ ዕለት መዋሉ በአጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል። የምታምጥ ሴት ከሞት ጋር ትተናነቃለች። በዚያ ሰዓት ከጎኗ የሚሰለፍላት ሰው አዋላጅ ነው።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። መምህራችሁ የጋበዙኝ «ተማሪዎቼ ማዋለድን ከመጽሐፍም ከተግባርም ይማራሉ፤ አልጋው ላይ የተኛችው ሴት ምን እንደሚሰማት ግን ከራሷ አንደበት ይስሙ» ብለው ነው። እኔም አንድ ልመና ይዤ መጥቻለሁ። ምጥ የያዛት ሴት የምታምነው አንድ ሰው አብሯት ወደ ማዋለጃው ክፍል ይግባ። ሌላው የምናገረው ሁሉ ለዚህ ልመና ማስረጃ ነው።

ሐኪም ቤት መውለድ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም እንዲያስረዳኝ አልሻም። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ልጆቿን ሁሉ የወለደችው በቤቷ ነው። ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ ከኋላ ደግፋ ትይዛታለች፣ ሌላዋ ወገቧን በቅቤ ታሻታለች፣ የልምድ አዋላጇ ከፊቷ ትቀመጣለች፣ ደጅ ያሉት «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ሁላችንንም ተንበርክካ ነው የወለደችን። ስለዚያ ስታወራ ፊቷ ይበራል። ታናሽ እህቷም፣ አክስቴ፣ በዚያው መንደር፣ በእነዚያው ሴቶች መካከል ወለደች። ልጁ በሰላም ወጣ፤ እልል ተባለ፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ደሙም አልቆመም። ሴቶቹ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። መኪና ወደሚገኝበት መንገድ በቃሬዛ ሲያወርዷት ግማሽ መንገድ ላይ ሕይወቷ አለፈ። በዚያ ሌሊት ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌና እንግዴ ልጅ ማውጣት የሠለጠነ እጅ አጠገቧ ቢኖር አክስቴ ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፍ ነበር።

እንዲህ ያለ ሐዘን የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። በ2016 ጥናት ይኸው ቁጥር ወደ 412 ወረደ። በ2005 ከ100 ወላዶች በጤና ተቋም የሚወልዱት 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደረሱ። ይህ በራሱ የመጣ ለውጥ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ዞረው እናቶችን አሳምነዋል። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ እንዲሆን ተደርጓል። አምቡላንስ ለየወረዳው ተሰጥቷል። የጤና መኮንኖች ኦፕራሲዮን ሠርተው እንዲያዋልዱ ሠልጥነው ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ተልከዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ገንፎው ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወላዷ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፤ ዘመድ ተሰብስቦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስመው ነበር። ሴቲቱ ቤቷን ትታ ስትመጣ ምን እንደሚጎድልባት ተረድቷልና። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታልም በእኛው አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሩቅ አገር ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚጠብቁበት የእናቶች ማቆያ አለው። በእንዲህ ያለው ማቆያ ዘመድ አብሮ መጥቶ ምግብ እያበሰለ ይሰነብታል። እንግዲህ ዘመድ ከምጡ በፊት በማቆያው አለ፤ ከወሊዱም በኋላ በገንፎው ዙሪያ አለ። የሚጠፋው በመካከል ባሉት ሰዓቶች ነው፤ ሴቲቱ ሰው ከምንጊዜውም በላይ በምትፈልግባቸው ሰዓቶች።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የደረሰብኝ በሌሎች ሆስፒታሎች የወለዱ ጓደኞቼም የነገሩኝ ነውና። ሌሊት የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ባለቤቴ ላዳ ታክሲ ይዞ መጣ፤ እናቴ ፔርሙዙን፣ ነጠላውንና የሕፃኑን ልብስ በፌስታል ይዛ አብራኝ ገባች። ካርድ ወጣ። የማዋለጃው ክፍል በር ላይ ስንደርስ የጥበቃ ሠራተኛው እጁን ዘርግቶ «እናንተ እዚህ ቆዩ» አለ። እናቴ «ልጄ ናት እኮ» ብትለው «ውስጥ ያሉትም ሁሉ የሰው ልጆች ናቸው» አላት። በሩ ተዘጋ።

ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው። በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ የለም። ከወገቤ በታች ልብስ የለኝም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ ያየኛል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት መጣና «እግርሽን ክፈቺ» አለኝ። ጓንቱን አጠለቀ፣ እጁን አስገባ፣ የማህፀኔ በር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተ ለጓደኛው ቁጥር ነገረው፣ ሄደ። ቆየት ብሎ ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። ምጡ ከሚያመኝ ይልቅ የእነሱን መምጣት እፈራ ጀመር። ቁጥሩ ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ልጄ ይኑር አይኑር፣ የነገረኝ ሰው የለም። ለምን ይህን ያህል ሰው እንደሚመረምረኝ የገባኝ እኔ ራሴ መምህርት ስለሆንኩ ነው። ተማሪዎች ነበሩ።

እናንተም ተማሪዎች ናችሁ፤ መማር አለባችሁ። አዋላጅ ያለ ተግባር አይሠለጥንም፤ አክስቴን የሚያድን እጅም የሚገኘው በመማር ብቻ ነው። በእኔ አካል ተማሩ፣ እፈቅዳለሁ። ብቻ ጠይቁኝ። ስማችሁን ንገሩኝ፤ ምጡ እስኪያልፍልኝ ታገሡኝ፤ ያያችሁትን ከጓደኛችሁ በፊት ለእኔ ንገሩኝ። ጥያቄው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስጮኽ «አትጩኺ፣ ምጥ ባንቺ አልተጀመረም» ተባልኩ። አጠገቤ የተኛችው ልጅ የተባለችውን እዚህ መድረክ ላይ መድገም አልችልም። ስትፀንስ ስለነበረው ነገር የሚነገር ስድብ ነው፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ልጅቷ ገና ወጣት ናት፤ ሰው ቤት እየሠራች የምትኖር፣ በር ላይ የሚጠብቃት ዘመድ የሌላት። ያን ስድብ ስትሰማ መጮኋን አቆመች፤ የአንሶላውን ጫፍ ነክሳ ዝም አለች። ከዚያ በሁለታችን አልጋ መካከል እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኳት። የእሷ ምጥ ሲመጣ እሷ እጄን ትጨብጣለች፣ የእኔ ሲመጣ እኔ እጨብጣለሁ። እስኪነጋጋ ድረስ እንዲያ ቆየን። ሁለት የሚያምጡ ሴቶች አንዷ ለሌላዋ ዘመድ ሆነው ያደሩበት ክፍል ነው፤ በአንድ ግድግዳ ማዶ ግን የእኔ እናት ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለአንዳችን ብቻ ሳይሆን ለሁለታችንም ትበቃን ነበር።

ወደ ማዋለጃው አልጋ ከተወሰድኩ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ልጁ የሚወጣበት እንዲሰፋ በመቀስ ተቆረጥኩ። ሊቆርጡኝ መሆኑን ያወቅኩት ከተቆረጥኩ በኋላ ነው። ሲሰፉኝ ማደንዘዣው እንዳልያዘኝ ተናገርኩ፤ «አለቀ፣ አለቀ» እያሉ ጨረሱ። ከዚያ በፊት ግን ልጁን ከፍ አድርገው አሳዩኝና «ምን ወለድሽ? ተናገሪ» አሉኝ። «ወንድ» አልኩ። ኋላ ልጅ ተለወጠብኝ የሚል ክርክር እንዳይነሣ የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ አሠራሩም ጥሩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የእኔን መልስ የሚፈልግ ሌላ ጥያቄ ግን አልተጠየቅኩም።

አሁን የምለውንም ከዚያው እኩል እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ልጄ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ያዋለደችኝ ሴት ጭንቅላቱ ብቅ እንዳለ በጣቶቿ ዳስሳ አገኘችውና ሳትደናገጥ በጭንቅላቱ ላይ አሾልካ አወለቀችው። ቤት ብወልድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። ያቺ ሴት በዚያ ሌሊት ስንት ወላድ እንደተቀበለች አላውቅም፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ውሃ ስትጠጣ እንኳ አላየኋትም። ልጄን በሕይወት ስለሰጠችኝ እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናታለሁ። የተቆረጥኩት ቁስል ሲያመኝም እሷን አስታውሳለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

«አንቺም ልጅሽም ደህና ከወጣችሁ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መልስ አለኝ። አራስ ቤት ሳለሁ ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ መጡ። እንደምታውቁት የአራስ ጥየቃ ወሬው ምጥ ነው፤ ቡና እየተጠጣ ሁሉም የየራሷን ታወራለች። እኔም የሆነውን ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቀኗ ሲደርስ ምጡ እስኪጠና ድረስ ቤቷ ተደብቃ ቆየች። «እዚያ ሄጄ ከምዋረድ እዚሁ ልቻለው» ብላ። ሐኪም ቤት ስትደርስ ሕፃኑ ታፍኖ ነበር፤ አልተረፈም። ስለዚህ የምናወራው ስለ ምቾት ብቻ ነው ከሚሉኝ ሰዎች ጋር አልስማማም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የተነገረ ክፉ ቃል እዚያው አይቀርም፤ በየቡናው ይዞራል፣ ሌላዋን ሴት ከበሯ እንዳትወጣ ያደርጋታል፤ ያቺን ሴት ደግሞ አክስቴን የገደለው ደም ያገኛታል።

ደም ብቻም አይደለም። ምጥ ለቀናት ሲራዘም ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈስ የውስጥ ቀዳዳ፣ ሊከተል ይችላል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን መጥተው፣ ከዓመታት በኋላ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ሽንት ስለማይቋረጥላቸው ከሰው ተለይተው ይኖሩ ለነበሩ ሴቶች ነው። ዶክተር ካትሪን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከታከሙ በኋላም በዚያ አልረኩም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈቱ። ፊስቱላ የሚታከመው በቀዶ ሕክምና ቢሆንም የሚጠፋው ግን በአዋላጅ መሆኑን ያውቁ ነበርና። አዋላጅ ደግሞ የምታድነው የመጣችላትን ሴት ነው።

ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ስሆን ፈራሁ። እናቴ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ባለች ቁጥር ያ በር ትዝ ይለኛል። በዚያን ጊዜ የሥራ ዝውውር አግኝተን ከአዲስ አበባ ወጥተን ነበር፤ የወለድኩት በምንኖርበት ከተማ ጤና ጣቢያ ነው። ሕንፃው ያረጀ ነው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። ጓንት አልቆ ባለቤቴ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ አምጥቷል። በቁሳቁስ ከሆነ ያ ትልቁ ሆስፒታል በብዙ ይበልጣል።

አዋላጇ መጣችና ስሟን ነገረችኝ። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። «ማን አብሮሽ ይግባ?» አለችኝ። ጥያቄው ስላልገባኝ ዝም አልኩ። ደገመችልኝ። «እናቴ» አልኩ። ለእናቴ ጋዋን ሰጠቻት፣ እጇን አስታጠበቻት፣ ወንበር አመጣችላትና «እማማ፣ እርስዎ በራስጌዋ በኩል ይሁኑ፤ ወገቧን ይሹላት፤ ውሃ ስትፈልግ ያጠጧት፤ የሚያሳስብዎት ነገር ሲያዩ ይጥሩኝ» አለቻት። እናቴ ሥራ ተሰጣት። ወገቤን በመዳፏ እያሸች በለሆሳስ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። አዋላጇ ልትመረምረኝ ስትል «ምጥሽ ይለፍ፣ ከዚያ አያለሁ፤ እሺ?» ትለኛለች። ካየች በኋላ «ስድስት ሴንቲ ሜትር ደርሰሻል፤ የልጁ የልብ ምት ጥሩ ነው፤ ከፈለግሽ ተነሥተሽ ተራመጂ» አለችኝ። በእናቴ ትከሻ ተደግፌ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስኩ። ልወልድ ስል በጎኔ መተኛት እንደሚሻለኝ ነገርኳት፤ በጎኔ ወለድኩ። መቀስ አላስፈለገም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። መርፌው ተወጋልኝ፣ እንግዴ ልጁም ወጣ። አዋላጇ ልጅቷን ልትመዝን ዘወር አለች። በዚያች ቅጽበት እናቴ ወደ እግሬ በኩል ተመለከተችና «ልጄ፣ ይህ ደም በዛ» አለቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። አዋላጇ ልጅቷን ለእናቴ አስታቀፈችና በአንድ እጇ ሆዴን ያዘች፤ በዚያው ባልደረባዋን ተጣራች። እያሸችኝ «ማህፀንሽ ለስልሷል፤ ጠንክሮ እንዲጨማደድ እያሸሁት ነው፤ ያማል፣ ታገሺኝ» አለችኝ። ባልደረባዋ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰካች። «አሁን ሌላ መርፌ እንሰጥሻለን። ፊኛሽ ከሞላ ማህፀንሽ ስለማይጨማደድ ሽንትሽንም በቱቦ እናወጣለን።» እጇ አንዴም አልቆመም፤ አንደበቷም አልቆመም። ደሙ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። እናቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ከአንሶላው ላይ ሳትነቅል ቆማ ነበር። ያን ደም ታውቀዋለች። እህቷን የወሰደባት እሱ ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ዋናው ፈውስ በጊዜ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ከ200 ሺህ በላይ እናቶችን ያካተተ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ደሙን የሚለካ ፕላስቲክ ከእናቲቱ ሥር ሲነጠፍ፣ ደሙ በዝቶ እንደታየም ማሸት፣ መድኃኒቱ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና ምርመራው ባንድነት ሲሰጡ ከባድ የደም መፍሰስና የሚያስከትለው ጉዳት በ60 በመቶ ቀንሷል። እናቴ መለኪያ አይደለችም፤ የእናንተንም ዕውቀት አትተካም። ነገር ግን በአንድ ሌሊት አምስት ስድስት ወላድ የምትጠብቅ አዋላጅ ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያላት። ከእኔ ላይ የማይነቀል ሌላ ዓይን በነፃ በር ላይ ቆሟል፤ ለምን ውጭ ይቀራል?

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ እያንዳንዷ ሴት በምጥና በወሊድ ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ቆማም፣ ተንበርክካም፣ በጎኗም እንደሚመቻት እንድትወልድ፣ መቀስም እንደ ልማድ ለሁሉም እንዳይደረግ የሚለውም እዚያው ነው። በ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ የነበራቸው ሴቶች ምጣቸው አጠር ያለ፣ ያለ ኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና ዕቅዶቹ አንዱ አድርጎታል። ቃሉን ወድጄዋለሁ። ቃሉ እንዲሠራ ግን መጋረጃ፣ ወንበር፣ ጓንትና በቂ አዋላጅ ይፈልጋል።

አዋላጇንም ማንሣት አለብኝ። ተርባ ለምታድር፣ ደመወዟ የቤት ኪራይ ለማይሸፍንላት፣ የሞተች እናት አቅፋ አልቅሳ በነጋታው ተረኛ ለምትገባ ሴት «ርኅሩኅ ሁኚ» ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም። የጤና ባለሙያዎች ባለፉት ዓመታት ስለ ኑሯቸው ያነሡትን ጥያቄ እኔ እንደ ወላድ የራሴ ጥያቄ አድርጌ ነው የማየው። እናንተን የሚያከብር እንድታከብሩኝ አቅም ይሰጣችኋል።

«ቦታ የለም» እንደሚባል አውቃለሁ። ልሰጣችሁ የምችለው መልስ፣ ያ ጤና ጣቢያ ከትልቁ ሆስፒታል የጠበበ እንደነበር ነው። አንድ ወንበር በራስጌ በኩል ይበቃል። «በሽታ ይመጣል» ለሚለው ጋዋንና ሳሙና አለ፤ በቀን ብዙ ተማሪ የሚገባበት ክፍል አንዲት እናት ስለገባችበት አይበከልም። ከሁሉ የሚከብደው የወንዶቹ ጉዳይ ነው። ባሏን የምትመርጥ ሴት አለች፤ አጠገቧ የተኛችው ሴት ግን በባዕድ ወንድ መታየት አትፈልግም፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። እዚህ ላይ በኔ አስተያየት መጋረጃ እስኪሰቀል ድረስ ከሴት ዘመድ መጀመር ይሻላል። ባልየውን ለዘለዓለም ማስቀረት ግን አይገባም፤ ኦፕራሲዮን ሲወሰን፣ ደም ሲፈለግ የሚሮጠው እሱ ነው፤ ለምን እንደሚሮጥ ከውስጥ ቢያይ ይበጃል። ዘመድ የሌላት፣ እንደዚያች አጠገቤ እንደነበረችው ልጅ ያለችም አለች። ለእንደዚህ ያለችዋ ከሠፈር ፈቃደኛ እናቶች በተራ ሊመጡ ይችላሉ። እኔ የመጀመሪያዋ ልሆን ዝግጁ ነኝ።

ስትመረቁ አንዳንዶቻችሁ ብቻችሁን ወደምትሠሩበት ጤና ጣቢያ ትላካላችሁ። እዚያ የሚከለክላችሁ አለቃ ላይኖር ይችላል፤ በሩም በእጃችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ትልልቅ ሆስፒታሎች ትገባላችሁ፤ እዚያ የቆየ ልማድ ታገኛላችሁ፤ ጀማሪ ስለሆናችሁም ቃላችሁ አይሰማ ይሆናል። ቢያንስ ከተረኛው የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ተነጋገሩ። ስለ በሩ የሚያውቀው የታዘዘውን ነው፤ በትሕትና ብታስረዱት የሚገባው ሰው ነው፤ እሱም ሚስትና እህት አለው። ውጭ ለተቀመጡት ዘመዶችም በየሰዓቱ ብቅ ብላችሁ አንድ ቃል ንገሩ። እናቴ እኔ መውለዴን ያወቀችው ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አዝናላት ነግራት ነው።

በመጨረሻ ስለ መጋረጃው። በሠፈራችን የሴቶች እድር አለን፤ ከመካከላችን ሦስት የልብስ ስፌት ባለሙያዎች አሉ። ለአንድ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል የሚሆን መጋረጃ ሰፍተን ለመስጠት ተስማምተናል፤ ጨርቁንም እናዋጣለን። በክሎሪን ሲታጠብ የማይበላሽ ጨርቅ የቱ እንደሆነ የሚነግረን ባለሙያና የአልጋዎቹን ልክ የሚሰጠን ኃላፊ እንፈልጋለን። ስብሰባው እንዳበቃ ከፊት ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ፤ ሜትሩም በቦርሳዬ አለ።